ለድንኳን ያስቀመጥኩት ግቢ

የግቢያችን ስፋት አንድ ድንኳን ነው። ሌላው ሰው ግቢውን በካሬ ሜትር ይለካል፤ እኔ ግን ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የእድራችን ሰዎች ለለቅሶው ድንኳን ሲተክሉ ካየሁ ወዲህ በሌላ ነገር ለክቼው አላውቅም። አንዱ ካስማ ከቧንቧው አጠገብ ገባ፣ አንዱ ከኮክ ዛፉ ሥር፤ የድንኳኑ በር ከግቢው በር ትይዩ ሆነ፤ ልክክ አለ። ሰው በሥርዓት ገባ፣ በሥርዓት ተቀመጠ፣ እግዜር ያጥናሽ ብሎ በሥርዓት ወጣ። ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ በሰፈራችን ደልዳላ መሬት እንደ ልብ አይገኝም። ባለቤቴ ያችን ግቢ በዶማ ያስተካከላት ልጆች ይጫወቱባታል ብሎ ነበር። ቀድሞ የተለቀሰባት ግን ለእሱ ሆነ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ተራዬን እዚያው ነበር የምጠብቀው።

ሰው ለለቅሶው ቦታ ይጨነቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከታች በኩል ያለችው ጎረቤቴ ስትሞት ያየሁትን ብታዩ እናንተም ትጨነቁ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች ግቢዋን ሁሉ የኪራይ ክፍል ሠርታበት ስለነበር ድንኳኗ መንገድ ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ተተከለ። ያካፋል። ተቀምጠን ሳለን አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከታች ዳገቱን እያቃሰተ መጣና ጥሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ ክፋት የለበትም፤ ወዴት ይሂድ? ለቀስተኛው ሁሉ ተነሳ፣ አግዳሚው ወንበር ተነሳ፣ የድንኳኑ ገመድ ተፈታ። ባሏ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ከአጥር ጋር ተጣብቆ መኪናውን አሳለፈ። ከዚያ ገመዱ ታሰረ፣ ተቀመጥን፣ አልቃሿም ካቆመችበት ቀጠለች። ከኋላዬ አንዷ ሳቋ አመለጣት። እኔም የራሴን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩት። ቤቴ ስገባ ግን ግቢው መሀል ቆሜ፣ እኔን እንዲህ አያደርጉኝም አልኩ።

ከእኔ ጋር ልጄ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው ይኖራሉ። ልጄ ቢሮ ይሠራል። ሚስቱ የወላይታ ልጅ ናት፤ መሪ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር፣ የሕፃናት ልብስ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ከሳሎኑ ሌላ ያለን ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እነሱ ከትንሹ ወንድ ልጅ ጋር ይተኛሉ፤ በሌላው እኔና የልጅ ልጄ፣ አንድ አልጋ ላይ። ወንድሟ ሲወለድ ለጊዜው ብለው እቅፌ ውስጥ ያስገቧት ናት፤ ጊዜው ሳያልቅ ኮረዳ ሆነች። አሁን በቁመት በልጣኛለች፤ እግሯ ከአልጋው ያልፋል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄና ሚስቱ ነገሩን አነሱት። ግቢው ላይ አንድ ክፍል እንቀጥል፣ ልጅቷ አድጋለች፣ የራሷ ቦታ ያስፈልጋታል አሉ። እኔም ወዲያው፣ ሲሚንቶ ተወዷል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲሚንቶ አዋቂ ሆንኩላችሁ። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ የብረት ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ። ቆርቆሮ እንዲህ ገባ፣ አሸዋ እንዲህ ሆነ፣ ግንበኛ ጀምሮ ጥሎ ይሄዳል፤ የሰማሁትን ሁሉ አምጥቼ ማዕድ ላይ እዘረግፋለሁ። ቤቱ በስሜ ስለሆነ፣ ለወረዳው ፈቃድ የእኔ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፊርማ እችላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም እንጂ ፊደል ለይቻለሁ፤ ልጄ ልጅ ሆኖ ሲያጠና ከጎኑ ተቀምጬ እያየሁ ነው የለየሁት። አባቱ ከሣጥን እንጨት ጠረጴዛ ሠርቶ መስኮቱ ሥር አስቀምጦለት ነበር። እሷ ጠረጴዛ ባትኖር ይህን ጽሑፍም ባልጻፍኩ።

ግንበኛው መጣና ግቢው ላይ ገመድ ዘረጋ።

“እማማ፣ ግማሹ ግቢ እኮ ይተርፍዎታል” አለኝ።

“ግማሽ ምን ይሠራል?”

“ልብስ ያሰጡበታል።”

ድንኳን ግማሽ የለውም ብዬ ብነግረው ምን ይለኝ ነበር?

ልጄ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና እኔኑ መልሶ፣ ያዋጣል ትያለሽ ወይ አለኝ። አያዋጣም አልኩት። ልጅቷ ነገ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ከነገ ወዲያ ታገባለች፣ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል፤ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ይፈሳል ወይ አልኩ። መልኩ የጨዋ ምክር ነበር። እንዲያውም መጋረጃ ይበቃል ብዬ ሐሳብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጋረጃው በክፍላችን መሀል ተሰቀለ። አምፖሉ ሲበራ ግን ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይወጣል፤ ልጅቷም ልብስ ስትቀይር አምፖሉን ማጥፋት ጀመረች። በጨለማ እጅጌ ስትፈልግ እሰማለሁ።

የልጄ ሚስት ነገሩን ማንሳት ተወች። ይልቁንም መሪ አካባቢ የሚከራይ ቤት እያጠያየቀች መሆኑን ሰማሁ። አንድ ቀን አብረን ምስር ስንለቅም፣ ቀና ሳትል፣

“እማማ፣ እንድንወጣልዎት ከፈለጉ በግልጽ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም” አለችኝ።

ምን ቆርጦኝ ብዬ ማልኩና ደግሞ ወደ ሲሚንቶዬ ተመለስኩ።

“የሲሚንቶውንስ ሰምቻለሁ” አለች፤ ምስሯን ይዛ ተነሳች።

ለምን አልነገርኳትም? ጤነኛ ሰው ተቀምጦ የሬሳዬን ቦታ አትንኩ ቢል ሟርት ይመስላል። ደግሞም አፈርኩ። የማፍረው የቱን እንደሆነ ራሴም አልለየሁትም ነበር፤ መንገድ ላይ መለቀሱን ነው ወይስ እሱን ማሰቤን።

እኔ መቼም እግሬ አይሰበሰብም። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ራሴን ወደ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ላይ አገኘሁት። በዓል አልነበረም። ድሮ በዚያ መንገድ ወደ ታች የሚመጣው እንጨት የተሸከመ ሰው ነበር፤ ዛሬ ሯጭ በዝቷል፤ ጆሯቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሰክተው፣ ሰላም ነዎት እማማ ብለው መልሴን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እነሱን እየመረቅሁ ደረስኩ። በሩን ተሳልሜ በሴቶቹ በኩል ዞር ስል፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲህ አንድ የተማሪ ሹራብ አየሁ። ክርኑን የጣፍኩት እኔ ስለሆንኩ አወቅሁት። የልጅ ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ደብተሯን በላዩ ዘርግታ፣ ጣቶቿን በትንፋሿ ታሞቃለች። ቤተሰቡ የሚያውቀው በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ቱቶሪያል ላይ መሆኗን ነው።

“እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አልኳት።

“አጠናለኋ።”

“ቤት የለሽም?”

“ቤት ቴሌቪዥኑ አለ፣ ማሙሽ አለ፣ አንቺ ስለ ሲሚንቶ ታወሪያለሽ” ብላ ሳቀች። ቀጥላ ደብተሯን አጠፈችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እምዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው።”

“ለምን?”

“ያፍራል።”

አጠገቧ ቆምኩ። ክፍሉ ተሠርቶልሽ ቢሆን ኖሮ ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

“ተይው እሱን። ድንኳኑስ?”

ነግሬያት ነበር ለካ። ገና ሕፃን ሳለች፣ አልጋ ላይ አቅፌያት፣ ተረት እንደሚነገር አድርጌ፤ አንዱ ካስማ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ በሩ በዚህ በኩል ብዬ። እኔስ የት እቀመጣለሁ ብላኝ፣ ከኮክ ዛፉ ሥር ብያት ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሷ አልረሳችም። አባትና እናቷ ስለ ብሎኬት ሲነጋገሩ፣ እኔ ስከራከር፣ መጋረጃው ሲሰቀል፣ ይህን ሁሉ እያወቀች አፏን ይዛ ተቀምጣ ነበር።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?” አልኳት።

“ስለ ሞትሽ ላወራ? ደግሞ ክፍሉን እፈልጋለሁ ብል ያንቺን ቦታ የወሰድኩብሽ መሰለኝ።”

ለሞቴ ግቢ ሙሉ ቦታ ይዤ፣ በሕይወት ያለችው ልጅ ለደብተሯ ቦታ አጥታ ብርድ ላይ ወጥታለች፤ ያባረርኳትም እኔ ሳለሁ የምትጠነቀቀው ለእኔ ነው፣ የምታፍረው ለአባቷ ነው። ፊቴ ነደደ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት፤ ለጸሎት መስሏት ጠበቀችኝ። አብረን ወረድን። ሽንኩርቱም ተረሳ።

ማታ እራት ላይ የድንኳኑን ነገር ነገርኳቸው። የድንጋዩን አልነገርኩም፤ ቃል አስገብታኛለች። ልጄ የጠቀለለውን ጉርሻ መሶቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

“እማዬ፣ ከሲሚንቶ ጋር ስታጣይኝ የከረምሽው ለዚህ ነው?”

ሚስቱ ሳቅ ጀመረች፤ መሀል ላይ ሳቋ ተለወጠና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

“እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር” አለች። “ሲሚንቶ ባሉ ቁጥር እኔን ነው የሚሉት እል ነበር።”

ይህን ስትል ከነበርኩበት ማፈር ወደ ባሰው ወረድኩ። አንድ ድንኳን ስጠብቅ ስንት ሰው ሳቆስል ኖሬያለሁ።

በማግስቱ የእድራችን ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ሁልጊዜ ከእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ድንኳን መንገድ ላይ ይተከላል?” አልኳቸው።

“ይተከላል እንጂ። ማን ሞተ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

“ለእኔ።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“ለመቼ ላድርግልዎት?”

ሁለታችንም ሳቅን። ኋላ ግን እንደ ቁም ነገር አድርገው፣ “መኪና ሲመጣ እንነሳለን፣ ሲያልፍ እንቀመጣለን። እስከ ዛሬ በዚህ የተቀየመ ሟች የለም” አሉኝ።

ፈረምኩ። የኮክ ዛፉ ተቆረጠ፣ መሠረቱ ተቆፈረ፣ ያ ስከራከርበት የነበረው ሲሚንቶም መጣና በዓይኔ አየሁት። ባለቤቴ ከሣጥን እንጨት የሠራት ጠረጴዛ ከተጣለችበት ወጥታ አዲሱ መስኮት ሥር ገባች፤ አንድ እግሯ ስለሚያነክስ ካርቶን አጥፈን ደገፍናት። ክፍሉ ሲያልቅ ጎረቤት መጥቶ መረቀን። እናት እኮ እናት ናት፣ በስተርጅና ግቢዋን ለልጅ ሰጠች እያሉ አመሰገኑኝ። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ወለሉን አያለሁ። የልጅ ልጄ ሳህን እንደ ያዘች ከማዶ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አላጋለጠችኝም።

ልጄ አንዳንዴ ሲቀልድብኝ፣ እማዬ ያዋጣል ትያለሽ ይለኛል። ያዋጣል እላለሁ፣ ቶሎ ብዬ። የድንጋዩን ነገር ዛሬም አያውቅም። ልጅቷ አሁን ራሷ ጻፊው ብላኛለች፤ ከዚህ ካነበበው እዚሁ ይወቀው።

ኪዳነ ምሕረት ስሄድ አሁንም በሴቶቹ በኩል እዞራለሁ። አንድ ቀን ሰው አለመኖሩን አይቼ ያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበት ወደ አገጭ ይመጣል፤ ብርዱ በጋቢም ያልፋል። አንድ የቤት ሥራ የሚፈጀውን ያህል ልቆይ ብዬ ነበር። አልቻልኩም።