ሻይ አፍልቼ የወደቅሁበት ፈተና

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ነገር ይረሳኝ በነበረበት ሰሞን ይህችን ብቻ አለመርሳቴ እስካሁን ይገርመኛል።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ እነዳለሁ፤ እነዳ ነበር ማለት ይሻላል። ከመኪናዬ ጣሪያ ላይ የበርበሬ ጆንያ ሳወርድ ወድቄ ጭንቅላቴን ተመታሁ። ቁስሉ ሲድን መሪ ልጨብጥ ብል፣ ሐኪሙ «መጀመሪያ ቴራፒስቷ ትይዎት» ብሎ ላከኝ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የለመደውን ሥራ በቅደም ተከተል መሥራት ይችል እንደሆነ የምታይ ባለሙያ ናት። እሷ ካልፈቀደች መንዳት የለም።

ከባለቤቴ ከጥሩወርቅ ጋር ሄድኩ። ወጣቷ ቴራፒስት ቡታጋዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ውሃ፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ፊቴ ደርድራ «ጋሼ፣ እስኪ ለሦስታችን ሻይ ያፍሉልን» አለችኝ። ጥሩወርቅን እንዳትረዳኝ አስጠነቀቀቻት።

ከመሪዬ የሚያስቀረኝ ሻይ ነው እንዴ ብዬ ተነሣሁ። ቅጠሉን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ዘረገፍኩ፤ ስኳሩን አስከተልኩ፤ እሳቱን ለኩሼ ጠበቅሁ። ውሃው ትዝ ያለኝ የማረር ሽታ ሲመጣ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

«ኧረ ልጄ፣ አትጻፊበት!» አለች ጥሩወርቅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት። «እሱ እኮ ድሮም አያውቅም። ከተጋባን ጀምሮ ምድጃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም።»

«ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

ጥሩወርቅ አሰበች። ቆይታ ቆይታ «ይበላል» አለች።

ሁለቱ ሲሳሳቁ ደሜ ፈላ። የማውቀውን ሥራ ላሳያችሁ አልኩ። ወንድሜ ነድቶ ያመጣን ሚኒባሴ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሁልጊዜ ጠዋት ከመነሣቴ በፊት እንደማደርገው ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱን አየሁ፤ የራዲያተሩን ውሃ ሞላሁ፤ ኮፈኑን ዘጋሁ፤ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። «በሉ፣ ተሳፋሪ ጥሩልኝ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

አሁን ማንም አልሳቀም። ጥሩወርቅ እጄን ታያለች። የራዲያተሩን ክዳን እንደያዝኩ ነበር።

ያኔ ፈራሁ። ለሻዩ ሰበብ ነበረኝ፤ ለዚህ ግን ምን ልበል? ሰው ጭኜ ወጥቼ ቢሆንስ?

«ይሻልዎታል ጋሼ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እስከዚያው ግን መንዳቱ ይቆይ። ጠዋት ጠዋት ሻይ እያፈሉ ይለማመዱ።»

ይኸው አፈላለሁ። አሁን ውሃው ይቀድማል። ጥሩወርቅ ቁጭ ብላ እየጠጣች ስኳር አነሰ ትለኛለች፤ ቴራፒስቷ ቶሎ እንዳትለቀኝ ሳትሳል አልቀረችም። መሪዬ ይናፍቀኛል። ቢሆንም ያቺን ልጅ አመሰግናታለሁ።

የክዳኑን ነገር ጎረቤት አልሰማም። ማንቆርቆሪያ ይዤ ባየኝ ቁጥር ግን ከንፈሩን ይመጥልኛል፦ «ምስኪን! ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህማ ሻይ ማፍላት ጀመረ!»