ያላጠበቅሁት ብሎን

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ መጀመሪያ ስትደውልልኝ ሞላሌ ገበያ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቁርስ ላይ ነበርኩ።

"ማሽንሽ ይጮሃል፤ ከዚያ ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይነሣል" አለችኝ።

ነሐሴ ነው። መንዝ ፀሐይ ካየ አምስት ቀን አልፎታል። "ጉሙ ነው፤ ሰማዩ ሲገለጥ ይስተካከላል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ማሽኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ለጤና ጣቢያው የተከልኩት ኢንቨርተር ነው። ከጣሪያው ሶላር የሚመጣውን ኃይል ለክፍሎቹ ያከፋፍላል፤ የተረፈውን አራት ባትሪዎች ውስጥ ያጠራቅማል፤ ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ከባትሪዎቹ ይስባል። የመስመሩ መብራት አንዴ ከሄደ ሳይመለስ ስለሚሰነብት፣ "ከእንግዲህ አትጨነቁ" ብዬ ነበር ያስረከብኳቸው።

ሁለተኛው ጥሪ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ድምጿ ተለውጧል።

"ያለቀኑ የተወለደ ሕፃን ኦክስጅን ላይ አለ። መብራቱ በጠፋ ቁጥር ከንፈሩ ይጠቁርብኛል። መጠባበቂያው ሲሊንደር ባዶ ነው፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ቶሎ ነይ።"

በዚያ በኩል የሚያልፍ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ለምኜ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ በጉሙ ውስጥ መንገዱን እየፈለገ ይነዳል። እኔ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ፣ ጠዋት ያንን ስልክ እንዴት አቃልዬ እንደዘጋሁት አስባለሁ።

ባትሪዎቹ ያሉት ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ደርሼ በሩን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የኢንቨርተሩ ስክሪን ባትሪዎቹ ከግማሽ በላይ እንደያዙ ያሳያል። ጉሙ አልነበረም ማለት ነው።

በርኖስ የደረበ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። የሕፃኑ አባት ነው። "ላብራልሽ?" አለና የስልኩን መብራት አበራ።

ጓንት አድርጌ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካሁ። የሦስተኛው ባትሪ ገመድ ጫፍ ተወዛወዘ። ዙሪያው ጠቁሯል። የኦክስጅኑ ማሽን ብዙ ኃይል ሲጠይቅ በዚያ በላላ ብሎን በኩል በቂ አያልፍም፤ ኢንቨርተሩ ባትሪው ያለቀ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ያን ብሎን በጣቴ ነበር ያሰርኩት። በተከላው ቀን ያመጣን መኪና ሹፌር እንሂድ ብሎ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ተመልሼ በቁልፍ አጠብቀዋለሁ ብዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ወደ አዋላጇ ሮጥኩ። "ለማስተካከል ሁሉንም ማጥፋት አለብኝ።"

"ስንት ደቂቃ?"

"አምስት። ቢበዛ ስምንት።"

ሕፃኑን አየችው። አንድ ጭብጥ አይሞላም። በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ፊኛ አነሣች። "እስከዚያ እኔ እየነፋሁ አቆየዋለሁ። ስምንት ካለፈ ግን..." አልጨረሰችውም። "አጥፊው።"

አጠፋሁት። ቤቱ ጭር ሲል የፊኛው ትንፋሽ በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ጀመር። ብሎኑ በሙቀት ተጣብቋል፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ አንሸራተተኝ። ሲፈታልኝ የጠቆረውን መዳብ በቢላ መፋቅ ያዝኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"ማነው እንዲህ አስሮት የሄደው?" አለ አባትየው።

የማሽኑ ብልሽት ነው ልለው እችል ነበር። "እኔ ነኝ" አልኩት።

መብራቱ ከእጄ ላይ ተነሥቶ ፊቴ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

"ጨርሺ" አለኝ።

በቦርሳዬ በነበረ አዲስ ብሎን አሰርኩት፤ ክንዴ እስኪዝል አጠበቅሁት። ሌሎቹንም ሁሉ በቁልፍ ሞከርኩ። አበራሁ። ኢንቨርተሩ ለመነሣት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ የዚያን ቀን ግን የሚነሣ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ከግድግዳው ማዶ የኦክስጅኑ ማሽን ማጉረምረም ጀመረ። አባትየው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። የፊኛው ትንፋሽ አሁንም ይሰማል።

"ቀላ!" ብላ ጮኸች አዋላጇ። "ከንፈሩ ቀላ!"

ሰውዬው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አምቡላንሱ እስኪመለስ ከባትሪዎቹ አልተለየሁም። የገመዶቹን ጫፍ በየጊዜው እዳስስ ነበር፤ አንዳቸውም አልሞቁም። እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ አዋላጇ ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳት።

"ጠዋት ጉም ነው ስትዪኝ አምኜሽ ነበር" አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም።

ልጁ ተርፎ አገሩ ገባ። ለክርስትናው አባቱ ራሱ ደውሎ ጠራኝና ሄድኩ። ከዘመዶቹ መሀል አስቀመጠኝ። አንዲት ሴትዮ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችው።

"የጤና ጣቢያውን መብራት የሠራችው ናት" አላት፤ ጠላዬንም ሞላልኝ። የፊተኛውን ይሁን የኋለኛውን ሥራዬን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።