ከደጅ የተሟሸው ጋን

በዚያን ጊዜ ዋጫ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርኩ። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚለውን ምዕራፍ መጽሐፍ ሳልገልጥ ነው የማስተምረው። ቦንጋ እናቴ ቤት ስመጣ ግን ምዕራፉን ከጃንጥላዬ ጋር ደጅ ትቼው ነው የምገባው። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

የወንድሜ ሠርግ ሁለት ወር ሲቀረው የእናቴ የጠላ ጋን ተሰበረ። ጠላ ያነሰበት ሠርግ በእኛ ሰፈር እስከ ልጅ ልጅ ይወራል፤ እናቴ እንቅልፍ አጣች። በሺሺንዳ መንገድ፣ ጫካው ጥግ ለምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ አዲስ ጋን አዘዝን። ክረምት ነበር፤ ወር ቆይታ በዝናብ በጀርባዋ አዝላ አመጣችው።

አዲስ ጋን መጀመሪያ ይሟሻል፤ ውስጡ የጎመን ዘር ተቀብቶ በመጠነኛ እሳት ይሞቃል። ሴትዮዋ እኔ ላሟሸው፣ የዚህን አፈር ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ አለች። እናቴ አትድከሚ አለቻት። ድካሟ አሳዝኗት አይደለም። ሸክላ ሠሪዎች ቤታችን አይገቡም፤ ከገቡ ቤቱ ረከሰ ይባላል። ደጅ ደግሞ ዝናቡ እሳት አያስነድድም።

ስለዚህ እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ልታሟሽ፣ ሴትዮዋ ከውጭ ጣሪያው በሚያንጠባጥብበት ቆመች። በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች፤ ሁላችንም ግን አንቺ ነው የምንላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቃል አቀባይ ሆንኩ። እሳቱ ይቀነስ ስትል፣ እሳቱ ይቀነስ ትላለች እላለሁ። እናቴ ማሟሸት ከማን ልማር ብላ እንጨት ትጨምራለች። ደሞዝ የምበላ ትልቅ ሴትዮ፣ አንዷን ግቢ ወይም ሌላዋን ተይ ማለት አቅቶኝ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ። በመጨረሻ ከውስጥ ቋ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። እናቴ እንጨቱ ነው አለች።

ሴትዮዋ ከደጅ ሆና፣ “ተሰነጠቀ” አለች። የማዘያ ገመዷን ሰብስባ ሄደች።

ጋኑ ማታ ውኃ ተሞልቶበት ሲነጋ ግማሹን መሬት ጠጥቶታል። እናቴ ነቅ ያለበት ሸክላ ሸጠችልኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ያኔውኑ ነቅዞ ነበር። ይባስ ብላ ምትክ አምጪ በያት ብላ ላከችኝ።

ጭቃ እየረገጥኩ ደረስኩ። ሴትዮዋ አየችኝና በሩን ከፈተች።

“ግቢ” አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ምድጃው አጠገብ በርጩማ ሰጠችኝ። የእናቴን መልእክት ግማሹን እየዋጥኩ ተናገርኩ። አልተከራከረችኝም። ጥግ ላይ ሌላ ጋን ነበር።

“ሁለት ነው የሠራሁት፤ በእሳት ስተኩሳቸው አንዱ ይፈነዳል ብዬ። ይሄን እዚሁ አሟሸዋለሁ። ለእናትሽ አትንገሪ” አለች።

በራሷ ምድጃ፣ በራሷ የጎመን ዘር አሟሸችው። ሁለት ጊዜ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችውና ሁለቱንም ጊዜ እንጨት ጎትታ አወጣች። እናቴ የዚያ ቤት እሳት እንደነካው ብታውቅ ኖሮ ጋኑን በዘነዘና ትከሰክሰው ነበር።

ጋኑ ቤት ሲደርስ እናቴ ያልተሟሸ መስሏት እንደገና አሟሸችው። እንደዚያ እንጨት እየማገደችበት እንኳን ምንም አልሆነም። ጠላው ተጠመቀ፣ ሠርጉ ደረሰ፣ ለሰውም ተርፎ ቀረ። እንግዶቹ ጠላውን ሲያደንቁ እናቴ፣ “ሸክላ እኮ የሚያሟሽ እጅ ይፈልጋል” ትላለች። ጆግ ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጠላ ቀዳሁላቸው።

ሴትዮዋ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ነበር። እንደ ልማዱ ለሸክላ ሠሪዎች ጠላ የሚሰጠው ብርጭቆ እንዳይረክስ በተጠቀለለ የእንሰት ቅጠል ነው። እኔ ግን ዛሬስ ብዬ ጆጉን ይዤ፣ ነጠላዬ ሥር ብርጭቆ ደብቄ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቅጠል ቆርጬ ጠቀለልኩ፤ ቀዳሁላት።

“ያፈሳል?” አለችኝ፣ ጋኑን ነው።

“አያፈስም” አልኳት።

ደስ አላት። ጨርሳ ጠጥታ ቅጠሉን ራቅ አድርጋ ጣለችው። እኔም ብርጭቆውን ሳላረጥበው መልሼ አስገባሁት።