የባምላኩ ኮሮላ ዋጋ

ባምላኩን ግማሽ ጎኑን የመታው በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው። ጠዋት መኪናውን ሊያስነሳ ሲወጣ የበሩ ደፍ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም አልታዘዝ አሉት። አንደበቱም ተዘጋ። ከቃል ሁሉ የተረፈችለት «እሺ» ብቻ ነበረች። ሲጠማውም «እሺ»፣ ሲናደድም «እሺ»፣ ሲያለቅስም «እሺ» ይላል። ሚስቱ ጥላነሽ የምትረዳው በድምፁ አወጣጥና በግራ እጁ ነው። ከተስማማ እጇን ጨበጥ ያደርጋል፤ ካልተስማማ የአልጋውን ጠርዝ በጡጫው ይመታል።

ጥላነሽ በደብረ ማርቆስ ገበያ ብቅልና ጌሾ ትሸጣለች። ባሏ ደግሞ በአንዲት አሮጌ ነጭ ኮሮላ ኮንትራት እየጫነ፣ ሙሽራውንም ሕመምተኛውንም ለቅሶ ደራሹንም ከይጁቤ እስከ ደጀን ሲያመላልስ ኖሯል። ልጃቸውን ሃኒን አስተምረው የዳሩት በሁለቱ ላብ ነው። አሁን ግን የብቅል ትርፍ የመድኃኒቱን ወጪ አልችል አለ። ጥላነሽ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «መኪናውን እንሽጠው» አለችው። ባምላኩ ፊቱን ወደ ጓሮው መስኮት አዙሮ እጇን ጨበጥ አደረጋት።

ግን በስንት? ሰፈሩ ሁሉ ዋጋ ነጋሪ ሆነ። አንዱ የእገሌ ኮሮላ ሚሊዮን አውጥቷል ይላታል፤ ሌላው መንገድ በየሳምንቱ በሚዘጋበት፣ ቤንዚን በጠፋበት ዘመን ማን መኪና ይገዛል ይላታል። ገዳሙ የሚባል ደላላ መጥቶ መኪናዋን እየዞረ ጎማውን በእግሩ መታ፣ ላሜራውን በጣቱ አንኳኳ።

«ቀለሙ የፋብሪካ አይደለም። ፍሪሲዮኑ አልቋል። ጎማው መላጣ ሆኗል። እትየ ጥላነሽ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አምስት መቶ ሺህ ካገኙ ስለት ያስገቡ።»

ከመስኮቱ ውስጥ «እሺ! እሺ!» የሚል ድምፅና የጡጫ ምት ተሰማ።

«ድምፅህን ቀንስ፤ ይሰማል» አለችው ጥላነሽ ደላላውን።

«ይስሙ እንጂ። ከሳቸው በላይ ማን ያውቃታል?»

ጥላነሽ ከጆንያ አፍ ያለውን ብቅል ብቻ አይታ ዋጋ ቆርጣ አታውቅም። እጇን እስከ ክንዷ ትሰድና ከሥር ዘግና ታወጣለች፤ ታሸታለች፤ በጥርሷ ሰብራ ትቀምሳለች። መኪናውንም እንደዚያው ከሥሩ የሚያይላት ሰው ፈለገች። ሁሉም የጠቆማት ጋሽ ይሄይስን ነው፤ ከከተማው ዳር ጋራዥ ያላቸው፣ ለሻጭም ለገዢም የማያደሉ ሽማግሌ ናቸው። ባምላኩ ግን በዕድሜው ወደሳቸው ጋራዥ ሄዶ አያውቅም፤ ለአንድ ብሎን እንኳ ደጀን ድረስ ይሄድ ነበር። «ጋሽ ይሄይስን ልጥራቸው» ስትለው አልጋውን መታ፤ ደጋግሞ መታ። የቆየ ቅያሜ ያላቸው መስሏት ጠራቻቸው።

ሽማግሌው ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን ደገኑ፤ የዘይቱን ልክ አዩ፤ ካምቢዮውን ሞከሩ። ደስ ሲላቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «ሞተሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው» አሉ። ከዚያ የኋላውን ወንበር አንስተው ምንጣፉን ገለጡ። ከመኪናው ሥር ገቡ። ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እዚህ ጋ ዳሰሽ።»

ጥላነሽ እጇን ሰደደች። ብረቱ ላይ እንደ ተሰፋ ቁስል ጠባሳ ያበጠ መስመር ከግራ እስከ ቀኝ ይሄዳል።

«ብየዳ ነው» አሉ ጋሽ ይሄይስ። «የፊቱ ግማሽ የአንድ መኪና ነው፤ የኋላው የሌላ። ክፉኛ የተጋጨ መኪና ቆርጠው ነው የቀጠሉት። ዝም ብሎ ሲነዱት ይሄዳል። አንድ ቀን ከበድ ያለ ነገር ከመታው ግን እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይተርፍም።»

ሃኒ የተሞሸረች ቀን ከኋላ ነበረች። ቬሏ በሩ እንዳይዘጋበት ሰብስባ እቅፏ ላይ ያስቀመጠችላት ራሷ ጥላነሽ ናት።

«ታዲያ ዋጋው ስንት ነው፣ ጋሽየ?»

«ምንጣፉ ከተመለሰ ዘጠኝ መቶ ሺህ ጠይቀሽ ስምንት መቶ ሰማንያ አታጪም። ምንጣፉ ከተገለጠ ግን ይህ መኪና አይደለም፤ ዕቃ ነው። ሞተሩም በሩም ተፈታትቶ ሦስት መቶ ሺህ ቢያወጣ ነው።»

«ትክክለኛው የቱ ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሁለተኛው ነዋ። ግን እኔ ቤት በሽተኛ የለም፤ እንዲህ አድርጊ አልልሽም።»

ጥላነሽ ገብታ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሃኒ ልጅ ሳለች ባምላኩ ደጀን ሄዶ ከወር በላይ የቀረበት ጊዜ ነበር። ሞተር ወርዶብኝ ዕቃ እየጠበቅሁ ነው ብሎ ላከባት። ከስቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ መኪናዋን አዲስ ቀለም አስቀብቶ ተመለሰ። እሷም መኪናዋ አማረች ብላ ጎረቤት ጠርታ ነበር።

«ያኔ ከደጀን ወዲያ፣ ዓባይ በረሃ ነው የተጋጨኸው?»

እጇን ጨበጠ።

«ሰው ጭነህ ነበር?»

እጁ በእጇ ውስጥ ላላ። አልጨበጠም፤ አልመታም።

«ባምላኩ፣ የሞተ ሰው አለ?»

«እሺ» አለ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ምን ማለቱ እንደሆነ ልትረዳ አልቻለችም፤ ደግማ ለመጠየቅም ልቧ ከዳት።

«ለሚገዛው ሰው ልንገረው?»

አልጋውን መታ። የጣቶቹ መጋጠሚያ እስኪደማ መታ። እጁን እየጠረገችለት ሐሳቡ ገባት። ሲሞት ባዶ ቤት ሊተውላት አልፈለገም። ፈርዳ ልትጠላው ሞከረች፤ አልሆነላትም። በማግስቱ ምንጣፉን በገዛ እጇ መለሰችው፤ ጠርዙን አስተካክላ ወንበሩን ጫነችበት። ገዳሙንም ጠርታ፣ «ዘጠኝ መቶ ሺህ ብለህ ፈልግልኝ» አለችው።

ገዢው ከይጁቤ መጣ። ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ በሬዎቹን ሸጦ፣ ከወንድሞቹ ተበድሮ፣ በኮንትራት ሥራ ሊኖር ያሰበ ወጣት ነው። ሚስቱ ሔዋንም አብራው ነበረች። ገዳሙ ሞተሩን አስነሳ፤ ዋጋውን ወዲያና ወዲህ ጎትተው ስምንት መቶ ሰማንያ ላይ ተስማሙ። ኃይለ ሚካኤል ቀብዱን ከኪሱ አወጣ። ሔዋን የኋላውን በር ከፍታ ገባች፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና፣ «እናቴን ዲማ ለንግሥ እዚህ አስቀምጬ ነው የምወስዳት» አለች እየሳቀች።

ጥላነሽ ብሩን ለመቀበል የዘረጋችው እጅ ወደ ጎኗ ወረደ።

«ውረጂ፣ ልጄ።»

«ምነው እማማ?»

«ውረጂ። አንተም ብርህን መልስ። ወንበሩን አንሳና ከሥር እይ።»

ወጣቱ አነሳ፤ አየ። መካኒኩ የነገሯትን ሳታስቀር፣ ሳትጨምር ነገረችው። ከመስኮቱ ውስጥ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» የሚለው ድምፅ እየጨመረ ሄደና ጮኸ። ኃይለ ሚካኤል «ሰው ሊያስፈጁብኝ ነበር» ብሎ ብሩን ኪሱ ከተተና ሚስቱን ይዞ ወጣ። አላመሰገናትም። ጥላነሽም ምስጋና አልጠበቀችም፤ ምንጣፉን የመለሰችው እሷ ናትና።

ገዳሙ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ «እትየ፣ ዛሬ ቤትዎን በእጅዎ አፈረሱ» አላት።

ወሬው በሁለተኛው ገበያ ቀን ከተማውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ከመለዋወጫ ነጋዴ በቀር ደጇን የረገጠ የለም። ሦስት መቶም አልሞላላትም፤ ነጋዴው ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ ከፍሎ፣ ማጓጓዣ እንዳይወጣበት እዚያው ጓሮ ውስጥ አስፈታው። ሠራተኞቹ ሞተሩን አወጡ፤ በሮቹን ነቀሉ፤ የቀረውን ብረት በመቁረጫ ከፋፈሉት። ብየዳው ጋ ሲደርሱ ብዙም አላለፋቸውም። ጥላነሽ መስኮቱን ብትዘጋውም ጩኸቱ ክፍሉን ይሞላ ነበር።

ባምላኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው በዚያ ቀን ነው። ሃኒ ከባሏ ቤት መጥታ ስታጎርሰው ይቀበላል፤ ጎረቤታቸው ማሬ ውኃ ስትሰጠው ይጠጣል። የጥላነሽን እጅ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ይጠብቀዋል። ታጥበዋለች፤ ታገላብጠዋለች፤ ሥጋው እንደ እንጨት ይደርቅባታል። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ሊያስታርቋቸው መጡ። መስቀሉን ሲያቀርቡለት በግራ እጁ ይዞ ተሳለመ። «እንግዲህ የሚስትህን እጅ ያዝ» ሲሉት ግን እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሞተ። ከመኪናው ዋጋ የተረፈው ለቀብሩና ለተዝካሩ ዋለ። ድንኳኑ ውስጥ ማሬ ለአጠገቧ ሴት በሹክሹክታ፣ «ዘጠኝ መቶ ሺህ እኮ ነበር፤ አዲስ አበባ ወስዳ ታሳክመው ነበር» ስትል ጥላነሽ ሰማች። እውነትም ብሩ ያሳክመው ነበር ይሆናል።

በኋላ አባን፣ «ፊቱን ያዞረብኝ ተቆጥቶ ነው ወይስ አፍሮ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ «የተዘጋ አንደበት የያዘውን እግዜር ያውቃል፤ አንቺ ጸልይለት» ብለው አለፉ።

ወደ ብቅሏ ተመልሳለች። ከደጀን በኩል የመጣ ገበያተኛ ሲያጋጥማት ከየት መንደር እንደሆነ ትጠይቀዋለች። በዓባይ በረሃ መንገድ የሞተብህ ዘመድ አለ ወይ ለማለት አፏ ይከፈታል፤ ከዚያ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ትጠይቀውና መመዘን ትጀምራለች።