ሙት ወቃሽ

ከፕሪንተር ገና የወጣ ወረቀት ሞቅ ይላል፤ የቀለሙ ሽታም እጅ ላይ ይቀራል። ባለፈው ወር በአባቴ ቀብር ዋዜማ፣ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሊልበርን ባለው ቤቱ ቁጭ ብዬ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ሳትም፣ ያ ሽታ ወደ አሥረኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔ የታሪክ አስተማሪያችን የሕይወት ታሪኩን ጽፈን ክፍል ውስጥ እንድናነብ ለእያንዳንዳችን አንድ የጆርጂያ ሰው አከፋፈለችን። ለእኔ የደረሰኝ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረ ጠበቃ ነው፤ ከእርሻ ቤት ተነስቶ ሕግ ተማረ፣ ምክር ቤት ገባ፣ በመጨረሻም የስቴቱ ገዢ ሆነ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። እሱም አገር ቤት ጠበቃ ነበራ፤ እዚህ አሜሪካ ግን ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና ያቆም ነበር። ጽሑፉን ጽፌ ባተምኩበት ቅዳሜ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቤ ተቀመጠ።

አባቴ የሚያውቀው የሰው ታሪክ አጻጻፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀብር ላይ የሚነበበው። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሹመት፣ ከዚያ "ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ አገር ወዳድ ነበሩ" ይባልና ያልቃል። ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁት መጽሐፍ ግን ሰውየው ጥቁሮች ድምፅ እንዳይሰጡ ሕግ እንዳወጣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ይተርካል።

"ዳዲ፣ ይሄስ?" አልኩት።

መጽሐፉን ከድኖ "ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ። ተዪው" አለኝ። ተውኩት።

ሰኞ ክፍል ፊት ቆሜ አነበብኩ። አስተማሪዬ ጸጉሯ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ ስጨርስ መነጽሯን አወለቀች። "የአያቴ አባት ድምፅ ሊሰጥ ሄዶ ከበር መልሰውታል" አለችኝ በቀስታ። "አንቺ በጻፍሽው ታሪክ ውስጥ እሱ የት ጋ ነው ያለው?" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሥራ ሲመለስ ለአባቴ ነገርኩት። የጫማውን ክር መፍታት ተወ። "ጠበቃ ነኝ እያልኩ ምስክር ደበቅኩ" አለ። በማግስቱ ከሥራ በፊት ትምህርት ቤት መጥቶ፣ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛው ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገራት። ያን ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት ቀይ ዩኒፎርሙን ለብሶ ነበር። ጓደኞቼ አባቴ መሆኑን እንዳያውቁ ከተማሪዎች የዕቃ ማስቀመጫ ሎከሮች ጀርባ ተደበቅኩ። ሲወጣ አይቶኛል። አልጠራኝም። እስከ ዕለተ ሞቱም አንድም ቀን አላነሳብኝም።

እናም በዚያ በቀብሩ ዋዜማ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ወረቀቱን አነበበና ፊቱ ጠቆረ።

"የመኪናውን ነገር አውጪው፤ ሰው ምን ይላል? 'በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው' ካልሽ ይበቃል።"

"አላወጣም፣ ጋሼ" አልኩት።

በማግስቱ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ትውልዱን አነበብኩ፣ ጥብቅናውን አነበብኩ። "አንድ ቀን በሥራ ልብሳቸው ትምህርት ቤቷ ቢመጡ ልጃቸው አፍራ ተደበቀችባቸው" የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።

አጎቴ ከፊተኛው ወንበር ተነሳ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የኋላው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ቀጠለልኝ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሆቴል በር ላይ ቆመው፣ የሰው መኪና እያቆሙ፣ ልጃቸውን ጠበቃ አደረጉ።"