የተመለሰው ሙክት

ትምህርት ቤት ደጃፉን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። ልጄ ግን ትማር ነበር፤ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር፣ በአንድ ወንበር። ጎረቤቴ የሐረር ተወላጅ እስላም ናት፤ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ግድግዳችን አንድ ነው። ባሏ «ሶፊ ገጠር ያለው ያጎቷ ልጅ ሊያገባት እየጠበቀ ምን ትምህርት ነው!» ሲል ተሟግታ ልጅቷን ያስገባቻት እሷ ናት። «ካንቺ ልጅ ጋር ናት ብዬ ነው የለቀቅኳት፤ አደራ!» ብላኛለች።

በሁለታችን ቤት ልማድ አለ። አያቴ ከሸዋ ጦር ጋር የመጡ ወታደር ናቸው፤ የሷ አያት ያን ጊዜ ከተማዋን ሲጠብቁ የወደቁ። አያቴ ካረጁ በኋላ፣ የጎረቤቴ ቤተሰቦች ለሙታናቸው ሰደቃ በሚያወጡበት ወር አንድ ሙክት ይልኩላቸው ጀመር። ከነነፍሱ ነው፤ እኛ ያረድነውን አይበሉማ። ልማዱን ከሳቸው እናቴ፣ ከናቴ እኔ ተቀበልን። ስለ ምን እንደሆነ ማንም አያወራም። «አላህ ይቀበላችሁ» ይሉናል፣ አለቀ። ልጆቹማ ገመዱን እየተሻሙ ነው የሚያደርሱት።

ያን ዓመት ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ የከተማዋን መያዝ አስተማረ። «ጦራችን ጠላትን ደምስሶ» ሲል የጎረቤቴ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቅድመ አያቴ ጠላት ነበሩ ወይ?» አለችው። ክፍሉ ሳቀ። «መጽሐፉ የሚለው ይኸው ነው፤ ተቀመጪ» አላት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። አባቷም ሠርጉ ይቆረጥ ብሎ ሶፊ ሰው ላከ።

እየሮጥኩ አስተማሪው ዘንድ ሄድኩ። «ጌታዬ፣ በዚያም ወገን የሞተ፣ የተለቀሰለት ሰው ነበር ብለው አንዲት ቃል ይጨምሩላት። ልጅቷ ካልተመለሰች ልትዳርብን ነው።»

«እሜቴ፣ ከኪሴ አውጥቼ ታሪክ አልጨምርም። ኢንስፔክተር አለብኝ፤ ፈተናውም የሚወጣው ከዚያው ነው።»

ደግ ልጅ ነው እኮ፤ ወንበር ስቦ ነው ያስቀመጠኝ። ክፉ ቢሆን ተራግሜ እወጣ ነበር።

ወሩ ደርሶ ስለነበር ሙክቱን ራሴ እየጎተትኩ ወሰድኩ። እሱን አስታክኬ አባቷን ልለምን ብዬ ነው። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። «ገመዱን ያዢልኝ፣ የኔ እናት» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«እማማ፣ ይሄ በግ የደም ካሳ ነው?»

አዎ ብላት፣ ሰው በበግ ይካሳል? አይደለም ብላት፣ ታዲያ ምንድን ነው?

እናቷ ከኋላዋ ብቅ አለች፤ ስታለቅስ ከርማለች። «ወላሂ፣ እኔ ላንቺ ክፉ የለኝም፣ እህቴ። አባቷ ግን እዚህ ቤት አይታረድም ብሏል። ውሰጂው።»

ልጅቷ ሶፊ ተዳረች። ሙክቱን ማረድ አቃተኝ፤ የኔ ቢላ ከነካው ለነሱ መሆኑ ይቀራል። ግቢዬ ታስሮ ሲጮህ ይውላል። ልጄ ደግሞ ለፈተናው ያንኑ ትምህርት ታጠናለች፤ በሹክሹክታ፣ ፊቷን ከጋራ ግድግዳችን አዙራ።