ለሮኬት የተዘቀዘቀ ነጠላ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ እሑድ ነው። ዛሬም የማየው ቪዲዮ ተቆራርጦ በጠፋ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የምሠራው ከሲያትል ወጣ ብሎ ባለ የሮኬት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሮኬት ሲነሣ ሸክሙን ገፍቶ የሚያወጣው ትልቁ የታችኛው ክፍል ቡስተር ይባላል። ድሮ ሥራውን ከጨረሰ ባሕር ውስጥ ወድቆ ይቀር ነበር። የእኛ ግን ተመልሶ፣ ባሕር ላይ በሚጠብቀው መርከብ ላይ በእግሮቹ እንዲቆምና ታድሶ እንደገና እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ ያለሁት እግሮቹን በሚሠራው ቡድን ውስጥ ነው። ስለዚህ የእኔ ጭንቅ የሚጀምረው ሌላው ሰው አጨብጭቦ ሲጨርስ ነው።

ከዚያ እሑድ በፊት የሄደው ቡስተር አንድ እግሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ መርከቡ ላይ ተጋድሞ ነደደ። መቆለፊያውን እንደ አዲስ ስንሠራ ከረምን። አለቃችንም ቀጣዩም ከወደቀ ቡድኑ እንደሚበተን ቁርጡን ነገረን። አዲሱን መቆለፊያ በመጨረሻ የፈተሽኩት እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ አጣሁ፤ እህል አልወርድ አለኝ።

እማዬ ያኔ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ሊንውድ ከተማ እኔ ቤት ነበረች። የልጄ ሥራ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው ብላ፣ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ዘነበችንና ሌሎች ሁለት እናቶችን አስከትላ መጣች። እትዬ ዘነበች ጎረቤት ከተማ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖሩ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ዓመታት ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። እኔ ብቻዬን ማየት ነበር የፈለግኩት። እንግዳ ግን ከበር አይመለስም።

ሮኬቱ ተነሣ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ዘነበች አገላብጠው ሳሙኝ።

«ኮንግራ የኔ ልጅ! ሶ፣ ዳን ነው፣ አለቀ አይደል? እማማ፣ በሉ ምሳውን ያቅርቡልን!»

እማዬ ወጡን ልታወጣ ተነሣች።

«እማዬ፣ ገና ነው» አልኳት።

«ደግሞ ምን ቀረው? ሄደ አይደል እንዴ?»

«መመለሱ። እኔ የሠራሁት የሚቆምበትን እግር ነው።»

የድስቱን ክዳን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ምግብ ያነሣ የለም።

መቀመጥ አቃተኝ። መጋረጃ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ የተወለወለ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። «ኧረ ተቀመጪ፣ ራሳችንን አዞርሽው!» አለች እማዬ። ቁጭ አልኩና ወዲያው ተነሣሁ።

ቡስተሩ ቁልቁል ሲመጣ ታየ። ሞተሩ እንደገና ተቀጣጠለ። እግሮቹ መዘርጋት ጀመሩ። ልክ እዚያ ላይ ምስሉ ተቆራርጦ ጠፋ።

ይህ የተለመደ ነገር ነው። ቡስተሩ ሲያርፍ ንዝረቱ የመርከቡን ግንኙነት ይረብሸዋል። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ማወቄ ምንም አልፈየደኝም። ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብዬ ፊቴን በእጆቼ ሸፈንኩ።

እናቶቹን ያሳሳታቸው ይህ ነው። ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ከሸፈነ ለእነሱ ትርጉሙ አንድ ነው። አንድ በአንድ ከሶፋው ወርደው ዙሪያዬን ተቀመጡ። ቀና ስል እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እትዬ ዘነበች ትከሻዬን ያዝ አድርገው «እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ፣ ሌላ ይሠራል» አሉኝ። አንደኛዋማ እንባዋን ትጠርጋለች። ለብረት!

ገና አልታወቀም ልላቸው ፈልጌ ተውኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ስጨነቅ እንዲህ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ምስሉ ተመለሰ። መጀመሪያ የታየው ጭስ ብቻ ነው። ጭሱ ሲገፈፍ ዓይኔ የሄደው ወደ እግሮቹ ነበር። ሁሉም ተቆልፈዋል። ቡስተሩ ጥላሸት ለብሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ቆሟል! ቆሟል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እማዬ ተጣድፋ ነጠላዋን አስተካከለችና እልልታውን አቀለጠችው። «ምነው በሞትኩት፣ ሳይሞት አለቀስንለት!» እያለች በሐፍረት ሳቀች።

ምሳው ላይ «አሁንማ ያርፋል» አለችኝ።

«የለም እማዬ። ተፈትሾ፣ ታድሶ መልሶ ይሄዳል።»

«መልሶ? ከዚህ ሁሉ ጭንቅ በኋላ?» ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺም አታርፊማ!»

እውነቷን ነበር። ቡድናችን አልተበተነም፣ ያው ቡስተርም ደግሞ ሄዷል። እኔን ግን ጭንቁ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም አንዴ የሠራ መቆለፊያ ከአዲሱ ይልቅ ያስፈራኛል። ምስሉ ሲጠፋ ዛሬም ምንጣፉ ላይ ነው የምገኘው።

እማዬ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች። ሮኬት በምናስነሣበት ቀን ሁሉ ግን ትደውላለች። ሌላው ሰው «ተነሣ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እሷ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም፣ ልጅ አምሽቶባት በር በር እንደምታይ እናት «ገባ?» ትለኛለች። «ገባ» እስክላት ድረስ ስልኩን አትዘጋም።